የአዴ ዘምዘም እንግዳ

ፈረንጁ ሞቶ የተገኘው በ2003 ዓ.ም በወርኃ ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ነው። አዴ ዘምዘም የሱብሂ ሶላታቸውን ጨርሰው ከክፍላቸው ብቅ ሲሉ፣ ከላይኛው የእንግዳ ክፍል በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተዘርግቶ አዩት። አንድ እግሩ ገና ደረጃው ላይ ነበር። ጮኹ። ጀጎል ውስጥ ደግሞ ቤትና ቤት ግድግዳ ይጋራልና፣ ፀሐይ ሳትወጣ ሰፈሩ በሙሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ።

እንግዲህ ኢንስፔክተር ኒቆዲሞስ ሲደርስ ምን ጠበቀው? ሠላሳ ሰው የረገጠው መሬት! ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ይመክራል፤ አንዱማ ውኃ በኩባያ ይዞ አስከሬኑን ሊያጠጣ ይታገላል።

«አቤት፣ አቤት!» አለ ኒቆዲሞስ። «እንኳን የገዳይ፣ የዝሆን ዱካ ቢኖርም አጥፍታችሁታል። በሉ ውጡልኝ!»

ረዳቱ ሳጅን እንደሻው ሰዉን እየገፋ አስወጣ። ኒቆዲሞስ ጎንበስ ብሎ አየ። ሟቹ በእንግዳ መዝገቡ ላይ ሄንሪክ ይባላል። ዴንማርካዊ ነው፣ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው፤ ሥራው ፒያኖ መቃኘት። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል፣ የደረጃው ጠርዝም ደም ነክቶታል። ሁለቱም ክንዶቹ ላይ የሰው ጣት ያረፈባቸው የሚመስሉ ሰማያዊ ምልክቶች አሉ። ፓስፖርትና ገንዘብ የሚይዝበት የትከሻ ቦርሳው የለም።

«በቃ ዘረፋ ነው!» አለ እንደሻው። እንደሻው ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ምርመራን እንደ ሚኒባስ ያየዋል፣ የሞላ ከመሰለው ይነሣል።

ኒቆዲሞስ መልስ ሳይሰጥ ወደ ላይ ወጣ። ክፍሉ ተጠርጓል። አልጋ አለ፤ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ሌላ ስስ ፍራሽ ተነጥፏል። ፍራሹ ላይ ዶቃው በመቆጠር ብዛት የነጣ ሙስበሃ ተረስቷል። መስኮቱ ላይ አንድ ማስታወሻ ደብተርና አንድ ባዶ የሻምፑ ዕቃ ተቀምጧል። በመስኮቱ ሲያይ ጣሪያው ላይ ገመድ ተወጥሮ ሦስት አንሶላ ተሰጥቶበታል፤ አንዱ ገና ውኃ ያንጠባጥባል።

ወርዶ አዴ ዘምዘምን አገኛቸው። ወደ ሰባ የሚጠጉ ባልቴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ክፍል ለእንግዳ እያከራዩ ይኖራሉ። መደቡ ላይ ተቀምጠው የሻሻቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«አዴ፣ ቦርሳውን አይተውታል?»

«አላየሁም ልጄ።»

«ሌሊት ድምፅ ሰምተዋል?»

«እንቅልፌ ከባድ ነው።»

«ለአንድ እንግዳ ሦስት አንሶላ?»

«ፈረንጅ ንጽሕና ይወዳል» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከምንጣፉ አልተነሣም።

«ማን ነበር አብሮት የሚዞር?»

«የእህቴ ልጅ ፈይሰል ነው አስጎብኚው። ትናንት ማታ መግሪብ ላይ ቤቱ ገባ። ወላሂ ልጄ፣ ፈይሰል ዶሮ እንኳ ሲታረድ አያይም።»

ሃያ ዓመት በፖሊስነት የሠራ ሰው ውሸትን በጠረኗ ይለያታል። ኒቆዲሞስ ግን እዚህ ቤት የሸተተው ሌላ ነው። አሮጊቷ የሚዋሹት እንደ ሌባ አይደለም፤ የሰው ገመና እንደሚሸፍን ሰው ነው።

*

ፈይሰልን ሸዋ በር ሚኒባስ ተራው ጋ ያዙት። ኪሱ ሲፈተሽ የሟቹ የእጅ ሰዓት ወጣ። እንደሻው ከደስታው ብዛት ሰዓቱን በመሐረብ ይዞ ጣቢያውን ሁሉ ዞረ።

ፈይሰል የሠላሳ ዓመት፣ ቀጭን፣ ጨዋ መሳይ ሰው ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሰዓቱን ከየት አመጣኸው?» አለ ኒቆዲሞስ።

«እሱ ሰጠኝ።»

«ለምን?»

ዝም።

«ክንዱን አጥብቆ የያዘው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ዝም።

«ቦርሳውስ?»

አሁንም ዝም። እንደሻው ጠረጴዛውን ደበደበ፣ ተሳደበ፣ ደከመውና ተቀመጠ።

«ስማኝ ፈይሰል» አለ ኒቆዲሞስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ላቀርብህ ይገባል፤ ሰኞ ጠዋት ማለት ነው። የሞተው የውጭ ሰው ነው፣ ኤምባሲው ሦስቴ ደውሏል። አለቃዬ በሰው መግደል ጠርጥረህ አቅርበው ብሎኛል። በዚህ የእጅ ሰዓት፣ በዚህ ሰንበርና በዚህ ዝምታህ ዕድሜህ እስር ቤት ያልቃል። ሚስትህ ደግሞ ስምንት ወሯ ነው አሉ።»

«ሰባት» አለ ፈይሰል። «ሰባት ወሯ ነው።»

«ታዲያ ተናገራ፣ ሰውዬ!»

«አማና፣ አደራ አለብኝ ኢንስፔክተር። ወላሂ ብዬ ምያለሁ። አልገደልኩትም፤ ሱብሂ ላይ መስጊድ ነበርኩ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልናገርም።»

«የማን አማና ነው?»

«የሟቹ።»

መስጊድ ስለመገኘቱ አራት ሰው መሰከረለት። ግን ፈረንጁ ከሱብሂ በፊት ሞቶ ከሆነስ? እንደሻው ይህን ጥያቄ ጠይቆ እንደ አሸናፊ አየው፤ እውነት ለመናገር ጥያቄው ልክ ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ ኒቆዲሞስ ሆስፒታል ሄደ። ዶክተር ሂክማ ፈጣን ተናጋሪ ናት፤ ፋይል እያገላበጠች ነው የምታወራው።

«አስከሬኑ ለሙሉ ምርመራ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔ የምነግርህ ላዩን ያየሁትን ነው። የሞተው ሊነጋ ሲል ነው፣ ሲያመጡት ገና አልቀዘቀዘም። የራሱ ቁስል ከአንድ ምት ነው፤ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ይገጥማል። ተገፍቶ ይሁን ራሱ ወድቆ ቁስሉ አይናገርም። የክንዱ ሰንበር ግን የዛሬ አይደለም፣ ቀለሙ ተለውጧል፤ የትናንት ቀን ነው።»

«የመጠጥ ሽታስ?»

«ምንም። ጉበቱ ግን በእጅ ሲዳሰስ አብጧል፣ ዓይኑም ቢጫ ብሏል። በሕይወቱ ብዙ የጠጣ ሰው ነው። በቅርብ ቀን ግን የቀመሰ አይመስለኝም።» ፋይሉን ልትዘጋ ስትል ቆም አለች። «ሱሪው ረጥቧል። ምላሱንም ነክሶታል፣ ሲወድቅ ይሆናል።»

ኒቆዲሞስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጫፉን ነው ወይስ ጎኑን?»

«ጎኑን። በደንብ አድርጎ ነው የነከሰው። ለምን ጠየቅህ?»

«እንዲያው ነው» አለና ወጣ። በር ላይ ሲደርስ የራሱን ምላስ ጎን በጥርሱ ዳሰሰ፤ እዚያ ቦታ ላይ አራት ዓመት የሆነው ጠባሳ አለ።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጀጎል ውጭ አዲሱ ከተማ ወዳለው የአልማዝ ግሮሰሪ ሄደ። ዓርብ ዕለት ፈረንጁና ፈይሰል በሯ ላይ ሲተናነቁ ብዙ ሰው አይቷል። ምስክርነት የሰጠችውም እሷ ናት። ኒቆዲሞስ መግቢያው ላይ ትንሽ ተንገራገረ። የቢራና የተጨመቀ ሎሚ ሽታ ፊቱን መታው፤ ምራቁን ዋጠና ገባ።

«ወይ ጉድ! ኢንስፔክተር!» አለች አልማዝ። «ከጠፉ ስንት ዓመትዎ? ያቺ ጥግ እኮ የእርስዎ ነበረች። ምን ልቅዳ?»

«ጨጓራዬን ያመኛል። ውኃ ስጪኝ።» ለሰው ሁሉ የሚናገረው ጨጓራውን ነው። «ስለ ፈረንጁ ንገሪኝ።»

«ምስኪን! ሰኞና ማክሰኞ ከረፋድ ጀምሮ እዚህችው ተቀምጦ ዋለ። አይጮህ፣ አያስቸግር፣ ሴት አይል። ውስኪውን ይጠጣል፣ አንዷን ብርጭቆ በጨረሰ ቁጥር ደብተሩ ላይ ጭረት ያሰምራል። ማታ ሊሄድ ሲል ደግሞ ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? የሻምፑ ዕቃ! ‹ሙዪልኝ› አለኝ በእጁ እያሳየ። ፀጉሩ እኮ ሦስት ክር ነው!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች። «ነፍስ ይማር። ሙት ላይ አሳቀችኝ አንደበቴ።»

«ረቡዕስ?»

«ረቡዕም ሐሙስም የለም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጣ። ግን ያ ሰው ነው ብዬ ልምልልዎ አልችልም! ላቡ ይንቆረቆራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር የሚሄድ ይመስል ዓይኑን ያንከራትታል። ወባ ይዞት ነው ብዬ አዘንኩለት፣ አንድ ቀዳሁለት። አንሥቶ አፉ ሳያደርስ ያ ልጅ ከኋላው ደርሶ ብርጭቆውን ነጥቆ መሬት ላይ ደፋው!»

«ፈይሰል?»

«እሱ! ፈረንጁ ለመነው። ሰዓቱን ፈትቶ እጁ ላይ አስቀመጠለት፣ ጠርሙሱን እያሳየ። ልጁ ሰዓቱን ኪሱ ከተተ፣ ክንዱን ጨብጦ እየጎተተ ወሰደው። ሰዓቱን ወስዶ መጠጡን ከለከለው! ይኼ ቀማኛ ካልሆነ ማን ቀማኛ ይሆናል? ያ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።»

ኒቆዲሞስ ውኃውን ጠጣ። ዓይኑ ሳያስበው ወደዚያች ጥግ ሄደ። አንድ የማያውቀው ሰው ብቻውን ተቀምጦ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

*

ሐረር ላይ ከሰዓት በኋላ የሰው ያለህ ቢሉ ሰው የለም። ጫቱ ይመጣል፣ በርጫው ይጀመራል፣ ከተማው በየቤቱ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ማንም ብቻውን አይቅም። ኒቆዲሞስ ግን አይቅምም። ጫት ተከትሎ ጨብሲ ይመጣል፤ ምርቃናውን ለመስበር አንድ መጠጥ፣ ከአንዱ በኋላ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ጠንቅቆ ያውቀዋል። እናም መጠጡን ሲተው ጫቱንም ተወ፤ ሁለቱን ሲተው ደግሞ ጓደኛ የሚባል ሁሉ አብሮ ሄደ። ከአያቱ በወረሰው ሰፊ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሰዓቱን ሲያይ ነው የሚውለው። ሚስቱ ልጁን ገሊላን ይዛ ድሬዳዋ ከገባች አራት ዓመት ሆኗታል። ፍርዷ ትክክል ነው ይላል ለራሱ፤ ያማል ግን፣ በጣም ያማል።

የሟቹን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ጽሑፉ በዴንማርክ ቋንቋ ነው፣ አይገባውም። በየገጹ አናት ላይ ግን ቀን፣ የከተማ ስምና ቁጥር አለ። ጅቡቲ፣ 9። ድሬዳዋ፣ 10። ሐረር፣ ሰኞ፣ 9። ሐረር፣ ማክሰኞ፣ 11። ሰውዬው አገር ሲቀይር፣ ባሕር ሲሻገር ይህ ቁጥር ብቻ አብሮት ሄዷል። ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ ገለጠ። ረቡዕ፣ 0። ሐሙስ፣ 0። ዓርብ፣ 0። የዓርቡ ፊደል ተወለጋግዷል። ከዜሮው አጠገብ አንድ ስም ተጽፏል፦ ኢዳ።

የሻምፑውን ዕቃ ከፍቶ አሸተተ። በደንብ ታጥቧል፤ ሆኖም ፕላስቲክ ሽታ አይለቅም። ኒቆዲሞስ ብቻውን ፈገግ አለ፤ ፈገግታው መራራ ነው። እሱ ራሱ በቢጫ የጠበል ጀሪካን ውስጥ አረቄ እየሞላ ከሚስቱ ደብቆ ሁለት ዓመት ጠጥቷል። እሷም እያየች ‹ይህ ሰው እንዴት ያለ መንፈሳዊ ሆነ!› ብላ ለጎረቤት ታወራ ነበር።

የታጠበ የሻምፑ ዕቃ። ሦስት አንሶላ። ከአልጋ ሥር የተነጠፈ ፍራሽ። ሦስት ዜሮ። ጎኑን የተነከሰ ምላስ። ኮቱን አንሥቶ እየተቻኮለ ወደ ጀጎል ሄደ።

*

አዴ ዘምዘም ብቻቸውን ነበሩ። ሲያዩት አልተነሡም።

«አዴ» አለ ኒቆዲሞስ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጦ፣ «ሙስበሃዎን ላይ ረስተዋል፣ ከአልጋው ሥር። እንቅልፍዎ ከባድ አይደለም። ሦስት ሌሊት አልተኙም።»

የሻሻቸውን ጫፍ መጠቅለል ጀመሩ።

«ቦርሳው እርስዎ ጋ ነው። የደበቁት ሊሰርቁት አይደለም። ወጥቶ መጠጥ እንዳይገዛ ነው።»

አዴ ዘምዘም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ተነሥተው ጓዳ ገቡ፣ የሳጥን ቁልፍ ሲዞር ተሰማ፣ ቦርሳውን ይዘው መጡና እግሩ ሥር አኖሩት። ምንም አልጎደለም።

«ረቡዕ ጠዋት እኔ እግር ሥር ተንበረከከ» አሉ። «ፈይሰል አስተረጎመልኝ። ‹ማማ፣ አሥራ ሁለት አገር ሄጃለሁ፣ የትም ብሄድ ቀድሞኝ ይጠብቀኛል። በዚህ ቤት መጠጥ አይገባም፣ እዚህ ልተወው› አለ። አንዲት ልጅ አለችው። ‹ትቻለሁ› ብሎ ዋሽቷታል። ‹ውሸቴን እውነት አድርጌ ነው የምመለሰው፣ እስከዚያ ማንም እንዳይሰማ፣ ልጄ ጆሮ እንዳይደርስ፣ አማና› አለን። እኔና ፈይሰል ወላሂ አልን። በሻምፑ ዕቃው የደበቀውን መጠጥ አምጥቶ ሰጠኝ፣ ቢስሚላህ ብዬ ቦዩ ውስጥ ደፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ሾርባ አበላሁት። ሐሙስ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ላቡ አንሶላውን ሲያበሰብስ እያነሣሁ አጥባለሁ። ራሱ ላይ ቁርአን ቀራሁበት። ዓርብ ወጥቶ ጠፋን፣ ፈይሰል ከመጠጥ ቤት አስጥሎ አመጣው። ሰዓቱን የወሰደው ለሌላ ሰው ሰጥቶ መጠጥ እንዳይገዛበት ነው። ማታ ደግሞ ግድግዳው ላይ አይጥ አየሁ ይላል፤ አይጥ የለም። እኔ...» ድምፃቸው ተቆረጠ። «እኔ ደስ አለኝ። ሸይጣኑ እየወጣ ነው ብዬ፣ በተንቀጠቀጠ ቁጥር አልሃምዱሊላህ እል ነበር።»

ኒቆዲሞስ ይህን ቤት ትቶ ቢሮጥ ደስ ባለው።

«ሱብሂ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ልሰግድ ወረድኩ። አሥር ደቂቃ ልጄ፣ ወላሂ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ማን ገባ? ማን ገደለብኝ?»

«ማንም አልገባም፣ አዴ።»

«ታዲያ?»

ነገራቸው። በየቀኑ እንደዚያ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቋርጥ ሰውነቱ እንደሚያምፅ፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር እንደሚያይ፣ ከዚያም እንደሚጥል በሽታ እንደሚጥለው፣ ምላሱንም ያኔ ጎኑን እንደሚነክስ። ሄንሪክ ነቅቶ እሳቸውን ሲያጣ ሊፈልጋቸው ወጥቶ ይሆናል። ደረጃው አናት ላይ ሳለ ጣለው።

«ከየት አወቅህ?» አሉ።

«በራሴ ደርሷል። ከአራት ዓመት በፊት።»

«ዓርብ ቀን ያቺን ብርጭቆ ባይደፋበት ኖሮ፣ እኔ እዚህ ትንሽ ትንሽ ብሰጠው ኖሮ... ይተርፍ ነበር?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የምርመራው ሁሉ ከባዱ ጥያቄ። መልሱን ደግሞ ያውቀዋል። ‹እንጃ› ቢል ማን ይከሰዋል? ግን ነገ ጠዋት ፈይሰልን የሚያስፈታው ይኸው እውነት ነው፤ ግማሹን ደብቆ ግማሹን መጻፍ አይቻልም።

«ሐኪም ጋ ቢደርስ ይተርፍ ነበር» አለ። «መድኃኒት አለው። በሐኪም እጅ ቀስ እያለ ቢተው ይተርፍ ነበር።»

«ሐኪም ጋ እንዳልወስደው ገመናው ነው አልኩ» አሉ አሮጊቷ ለራሳቸው። «የእንግዳ ገመና ነው አልኩ።» ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። «እኔን እሰረኝ። ልጁን ልቀቀው።»

«በዚህ የሚታሰር ሰው የለም፣ አዴ። ነገ ጠዋት መጥተው ቃልዎን ብቻ ይስጡ።»

እጃቸው ግን ብዙ ቆይቶ ነው የታጠፈው።

*

ሰኞ በሁለት ሰዓት አዴ ዘምዘም ጣቢያው ደረሱ። እንደ ደንቡ ቃል የሰጠ ሰው ከመፈረሙ በፊት የተጻፈው ይነበብለታል። ኒቆዲሞስ ሌላ ሰው እንዲያነብ ሊያዝ ይችል ነበር፤ ራሱ አነበበው። አንሶላውን፣ ሾርባውን፣ ብርጭቆውን፣ የዶክተሯን አስተያየት፣ አንድ ቃል ሳይዘል። እሳቸውም አንድ ቃል ሳያቋርጡ ሰሙ። ሲጨርስ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ተጫኑ።

አለቃው ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ ፈረመበት። እንደሻው ራሱ ሄዶ በሩን ከፈተ፤ ሰዓቱንም እንደዚያ በመሐረብ ጠቅልሎ ከሟቹ ዕቃ ጋር አኖረው፣ አንገቱን ደፍቶ። ፈይሰል ወጥቶ አክስቱን ሲያይ የመጀመሪያ ቃሉ «ተናገርሽ?» ነበር።

«ተናገርኩ። መሐላ የማፍረሱ ወንጀል በእኔ ይሁን። አንተ ሚስትህ ጋ ሂድ» አሉት። እጃቸውን ስሞ ሄደ።

እሳቸው ግን ከወንበሩ አልተነሡም። «ልጁን ደውልላት። ቁጥሯ ቦርሳው ውስጥ አለ። ሳልሰማ አልሄድም።»

ኒቆዲሞስ ደወለ። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፣ ቢሆንም ያግባባል። ስልኩን ያነሣችው ኢዳ ናት። የአባቷን መሞት ከኤምባሲው ሰምታለች። ብዙ አላወራችም፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ ሰክሮ ነበር ወይ?

አዴ ዘምዘምን አያቸው። «አልነበረም» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጠብታ አልቀመሰም። ሊተው ብሎ ነው የሞተው።»

ቀጥላ እያለቀሰች የተናገረችውን ኒቆዲሞስ ደግማ እንድትለው አደረጋት፤ በትክክል መስማቱን ተጠራጥሮ ነበር። እንደሚጠጣ ሁልጊዜ አውቅ ነበር፣ አለች። የማላውቅ ይምሰለው፣ እንዳያፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ከዚያ ሌላ ጠየቀች። መለሰላት። ስልኩ ተዘጋ።

«ምን አለች?» አሉ አዴ ዘምዘም።

«ታውቅ ነበር። ሁሉንም ታውቅ ነበር።»

አሮጊቷ ያን ሁሉ ሌሊት፣ ያን ሁሉ ዝምታ፣ እስር ቤት ያደረውን የእህታቸውን ልጅ አሰቡ መሰለኝ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጨረሻ ላይስ ምን ጠየቀችህ?»

«ማን ነበር አጠገቡ አለች።»

«ምን አልካት?»

«ሦስት ሌሊት ያልተኛች እናት አጠገቡ ነበረች አልኳት።»

አዴ ዘምዘም ያኔ ነው ያለቀሱት። ቅዳሜ ጮኸው ነበር፣ እሑድ ዝም ብለው ነበር፤ አሁን ግን ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ኒቆዲሞስ ውኃ አቀረበላቸው። ጠጥተው፣ ፊታቸውን ጠርገው ለመሄድ ተነሡና በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ።

«አንተስ? በሦስተኛው ቀን ስትወድቅ ማን ነበር አጠገብህ?»

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። «ልጄ» አለ። «ገሊላ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። በጎኔ አዙራ፣ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ እስኪነጋ ይዛኝ አደረች። ጠዋት ሐኪም የጠራችው እሷ ናት።»

«አመስግነሃታል?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ። በዚያው ሳምንት እናቷ ይዛት ሄደች፤ እሱም አሳፍሬያታለሁ፣ ባትሰማኝ ይሻላታል ብሎ አራት ዓመት ሙሉ ድምፁን አጠፋ።

አዴ ዘምዘም ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሩን በቀስታ ዘግተው ሄዱ።

ኒቆዲሞስ ሞባይሉን አወጣ። ቁጥሩን ከሌላ ሰው ለምኖ ካገኘ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በቃሉ ያውቀዋል። ደወለ። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ፣ ሦስቴ።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

«ገሊላ...»

ድምፅዋ ፈጥኖ፣ ደንግጦ መጣ።

«አባዬ? ምን ሆንክ? ማን አለ አጠገብህ?»